ከመቀየር መለካት ይቅደም፦ የቆዩ የጆሮ ማዳመጫዎች አሠራር፣ ብልሽትና ጥገና

መግቢያ

በቤት ቁም ሣጥን፣ በትምህርት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ወይም በሬዲዮ ጠጋኝ ሱቅ ጥግ አቧራ ለብሰው የተቀመጡ የቆዩ የጆሮ ማዳመጫዎች ጥቂት አይደሉም። አብዛኞቹ «አንዱ ጆሮው ሞቷል» ወይም «ዝዝ ይላል» ተብለው የተተዉ ናቸው። ባለቤቱ በቅድሚያ የሚያስበው የውስጡን ድምፅ አመንጪ ክፍል አውጥቶ በሌላ መተካት ነው። ይሁን እንጂ ማዳመጫው ተከፍቶ በጥንቃቄ ሲመረመር ብልሽቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በገመዱ፣ በጃኩ ወይም በጆሮ ትራሱ ላይ ነው። ሕያው የሆነውን ክፍል አውጥቶ የማይስማማ ሌላ መግጠም «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንደሚባለው ይሆናል።

ጉዳዩ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ አካባቢ ለሚኖር ሰው የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። የቦረና ወረዳ ማዕከልና የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ መገኛ የሆነችው መካነ ሰላም ከዓባይ ሸለቆ በላይ ባለው ደጋ ላይ የተቀመጠች፣ ከደሴ በብዙ ሰዓት መንገድ የምትርቅ ከተማ ናት። መለዋወጫ የሚመጣው ከሩቅ ነው፤ ተሳስቶ የተገዛ መለዋወጫ የሚመለስበትም መንገድ እንደዚያው ረጅም ነው። በሌላ በኩል ወሎ የመንዙማ፣ የእንጉርጉሮና የቅኝት አገር እንደ መሆኑ በካሴት የተቀረጹ የቆዩ ድምፆች ገና ወደ ጽሑፍ ያልተገለበጡባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። አንድ ተማሪ የአያቱን ንግግር ከካሴት ሰምቶ ቃል በቃል ለመጻፍ ቢነሣ በእጁ ያለው ያ አሮጌ ማዳመጫ ሊሆን ይችላል። ማዳመጫው በትክክል ካልተጠገነ የሚጠፋው የዕቃው ዋጋ ብቻ አይሆንም፤ ተናጋሪው የተጠቀመበት ቃልም ሊሳት ይችላል።

በመሆኑም በዚህ ጽሑፍ ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል እንመለከታለን። የጆሮ ማዳመጫ ድምፅን የሚፈጥረው እንዴት ነው? ብልሽቱ የት እንዳለ እንዴት ይታወቃል? መተካት የግድ በሚሆንበት ጊዜስ ምን ከምን ጋር ይስማማል?

ከስልክ እስከ ዎክማን

የጆሮ ማዳመጫ ቅድመ አያት የስልክ መስሚያ ነው። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል የስልክን የፈጠራ መብት እ.ኤ.አ. በ1876 ካስመዘገበ በኋላ ማግኔት፣ ጥቅል ሽቦና ስስ የብረት ሰሌዳ ያሉት መስሚያ በዓለም ተሠራጨ። እ.ኤ.አ. በ1910 ናትናኤል ባልድዊን የተባለ አሜሪካዊ ለሁለት ጆሮ የሚሆን ማዳመጫ በቤቱ ሠርቶ ለአገሩ ባሕር ኃይል አቀረበ። በዚያ ዘመን ማዳመጫው የሚያገለግለው የሞርስ ምልክትና ንግግር ለመስማት ስለ ነበር የድምፁ ጥራት ብዙም አያሳስብም ነበር።

የጀርመኑ ባየር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1937 ዲቲ 48 የተባለውን ማዳመጫ ሲያወጣ ግን በአሠራሩ ላይ መሠረታዊ ለውጥ መጣ፤ የሚንቀሳቀሰው ብረቱ መሆኑ ቀርቶ ሽቦው ሆነ። ቀጥሎም አሜሪካዊው ጆን ኮስ እ.ኤ.አ. በ1958 ስቴሪዮ ሙዚቃ ለማዳመጥ የታሰበ ማዳመጫ አቀረበ። ዘንሃይዘር የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1968 ቢጫ ስፖንጅ የለበሰውንና ጀርባው ክፍት የሆነውን ኤችዲ 414 ለገበያ አዋለ። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1979 ዎክማንን ሲያስተዋውቅ ደግሞ ቀላልና ትንሽ ማዳመጫ በየወጣቱ ጆሮ ላይ ዋለ።

በአገራችን የአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1935 ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ ከእ.ኤ.አ. 1963 እስከ 1977 ድረስ ብሥራተ ወንጌል የተባለው ጣቢያ ከአዲስ አበባ ያሠራጭ ነበር። የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ሥርጭት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1965 ተጀመረ። በአጭር ሞገድ የሚመጣውን ደካማ ድምፅ ከነፋስና ከሰው ጫጫታ ለይቶ ለመስማት የጆሮ ማዳመጫ አመቺ መሣሪያ ነው። ስለዚህ ዛሬ በጠጋኙ ጠረጴዛ ላይ የምናገኘው አሮጌ ማዳመጫ ከእነዚህ የተለያዩ ዘመናት የአንዱ ሊሆን ይችላል። የትኛው ዘመን እንደ ሆነ ማወቅ የጥገናው የመጀመሪያ እርምጃ ነው።

የውስጡ አሠራር

ባለሙያዎች ድራይቨር የሚሉት፣ በተለምዶ ግን «ስፒከር» የሚባለው ድምፅ አመንጪ ክፍል በሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች ይከፈላል።

የመጀመሪያው ብረቱ የሚንቀሳቀስበት ነው። በማግኔት ላይ የተጠመጠመው ሽቦ ከቦታው አይነቃነቅም። ከፊቱ ያለው ስስ የብረት ሰሌዳ ግን በማግኔቱ ዘወትር በመጠኑ ተስቦ ይኖራል። በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ጅረት የማግኔቱን ጉልበት ከፍና ዝቅ ሲያደርገው ሰሌዳው ይርገበገባል፤ አየሩን ይገፋል፤ ድምፅ ይፈጠራል። ሽቦው እጅግ ብዙ ዙር ስላለው የእያንዳንዱ ጆሮ ክፍል ሬዚስታንስ፣ ማለትም ለጅረቱ የሚያሳየው ተቃውሞ፣ ብዙውን ጊዜ 1,000 ኦም ወይም ከዚያ በላይ ነው።

ሁለተኛው ሽቦው የሚንቀሳቀስበት ነው። በዚህኛው ቀላል ጥቅል ሽቦ ዲያፍራም በሚባል ስስ የፕላስቲክ ወይም የወረቀት ገበታ ላይ ተለጥፎ በማግኔት ጠባብ ክፍተት ውስጥ ይንጠለጠላል። ጅረት በሽቦው ሲያልፍ የማግኔቱ መስክ ሽቦውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋዋል። የሚገፋው ኃይል ከማግኔቱ መስክ ጥንካሬ፣ ከጅረቱ መጠንና በመስኩ ውስጥ ካለው የሽቦ ርዝመት ጋር በቀጥታ የተመጣጠነ ነው። ዲያፍራሙ ልክ እንደ ጆሯችን ታምቡር ይርገበገባል፤ ልዩነቱ አንዱ ድምፅን የሚሰጥ ሌላው የሚቀበል መሆኑ ነው።

የዚህ ሽቦ ጥቃቅንነት አስገራሚ ነው። ለምሳሌ ያህል ውፍረቱ 0.05 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ማለትም ከቀጭን የሰው ፀጉር ጋር የሚቀራረብ የመዳብ ሽቦ እንውሰድ። የአንድ ሜትሩ ሬዚስታንስ 8.8 ኦም ገደማ ነው። ስለሆነም 32 ኦም ያለው ጥቅል ለመሥራት 3.7 ሜትር ያህል ሽቦ ያስፈልጋል። ይህ ሽቦ 14 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ ቢጠመጠም 83 ዙር አካባቢ ይሆናል። ከእነዚህ ዙሮች የውጭኛው ጫፍ ቢበጠስና አንድ ዙር ተፈትቶ ቢቀጠል የሚጎድለው ከመቶ 1.2 ያህል ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ ጆሮ አይለየውም። ሽቦው ከውስጥ በመካከል ከተበጠሰ ግን ጥቅሉን በእጅ መልሶ መሥራት እጅግ አዳጋች ነው።

የምርመራ ቅደም ተከተል

ለምርመራ የሚያስፈልገው ዋና መሣሪያ በማንኛውም የኤሌክትሪክ ሠራተኛ እጅ የሚገኘው ቴስተር ነው። ከዚህ ሌላ አጉሊ መነጽር፣ ለስላሳ ብሩሽና ትዕግሥት ይበቃሉ። ሥራው በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢከናወን ይመረጣል።

1. በዐይን መመልከት። የጆሮ ትራሱ ስፖንጅ ተፈርፍሮ ከሆነ ፍርፋሪው በብሩሽ ይጠረግ። ስፖንጁ የሚሠራበት ፖሊዩሬቴን የተባለ ቁስ ከአየር እርጥበት ጋር በረጅም ጊዜ እየተዋሐደ ይበሰብሳል። ትራሱ ሲያልቅ አየር በጎን ስለሚሾልክ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰዎች ድራይቨሩ እንደ ደከመ ያስባሉ፤ ፈውሱ ግን አዲስ ትራስ ብቻ ነው።

2. በጃኩ ላይ መለካት። የስቴሪዮ ጃክ ሦስት ክፍሎች አሉት። ጫፉ የግራ፣ መካከለኛው ቀለበት የቀኝ፣ የታችኛው እጀታ ደግሞ የሁለቱም የጋራ መመለሻ ነው። ቴስተሩ በኦም ላይ ተደርጎ በእጀታውና በጫፉ መካከል፣ ቀጥሎም በእጀታውና በቀለበቱ መካከል ይለካ። ሁለቱ ንባቦች ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። በብዙ ማዳመጫዎች የቴስተሩ ዘንግ ሲነካ በጆሮ ውስጥ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ይህም ድራይቨሩ በሕይወት እንዳለ ያመለክታል።

3. ገመዱን እያወዛወዙ መለካት። ቴስተሩ እንደ ተገናኘ ገመዱ በጃኩ አንገትና ወደ ጆሮ በሚገባበት ቦታ ይታጠፍ። ንባቡ ብቅ ጥልቅ የሚል ከሆነ በሽታው የገመዱ ነው። መዳብ ደጋግሞ ሲታጠፍ ይደክማል፤ ከውጭ ጎማው ደህና መስሎ ከውስጥ ይበጠሳል።

4. በድራይቨሩ መዳረሻ ላይ መለካት። በጃኩ ላይ ንባብ ጠፍቶ በድራይቨሩ ሁለት መገናኛዎች ላይ በቀጥታ ሲለካ ግን ከተገኘ፣ ድራይቨሩን መንካት አያስፈልግም። ገመዱን መቀየር ይበቃል። ድራይቨሩ ተጎድቷል ወደሚል ግምት የምንደርሰው እዚህም ንባብ ሲጠፋ ብቻ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ከመገናኛው ወደ ጥቅሉ የምትሄደው ቀጭን ሽቦ ተበጥሳ እንደ ሆነ በአጉሊ መነጽር መታየት አለበት።

ስለ ንባቡ ሁለት ነገሮች መታወስ ይኖርባቸዋል። አንደኛ፣ የንባቡ ከፍተኛነት ብቻውን ብልሽትን አያመለክትም። ብረቱ የሚንቀሳቀስበት ማዳመጫም ሆነ የመጀመሪያው ኤችዲ 414 በሺዎች የሚቆጠር ኦም ያላቸው ናቸው። ሁለተኛ፣ የመዳብ ሬዚስታንስ በሙቀት ይለወጣል፤ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከመቶ 0.39 ያህል ነው። ሙቀቱ 8 ዲግሪ በሆነ የኅዳር ማለዳ የተለካ ጥቅል ሙቀቱ 25 ዲግሪ በሆነ ክፍል ከተለካው ከመቶ ስድስት ወይም ሰባት ያህል ያነሰ ንባብ ይሰጣል። ስለዚህ ንባቡን ከፋብሪካው ጽሑፍ ይልቅ ግራውን ከቀኙ ጋር ማነጻጸር የተሻለ ነው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ማስጠንቀቂያ መስጠት ተገቢ ነው። ትልልቅ ስፒከሮችን በባትሪ ድንጋይ እየነኩ መፈተን የተለመደ ነው። 1.5 ቮልት ያለውን ድንጋይ በ32 ኦም የጆሮ ድራይቨር ላይ በቀጥታ መንካት ግን 47 ሚሊ አምፔር ገደማ ጅረት ያሳልፍበታል፤ ይህም 70 ሚሊ ዋት ያህል ነው። ለትንሽ ድራይቨር ከባድ ድንጋጤ ነው። በመካከሉ 1,000 ኦም ሬዚስተር ቢገባ ግን ጅረቱ ወደ 1.5 ሚሊ አምፔር ስለሚወርድ «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ያለ ጉዳት ይሰማል።

ዝዝ የሚል ድምፅ ከየት ይመጣል?

ድምፅ እያለ ዝዝ ወይም ኩሽኩሽ የሚል ከሆነ መንስኤው ብዙ ጊዜ በዲያፍራሙ ላይ ያረፈ ባዕድ ነገር ነው። አንዲት የፀጉር ዘለላ ዲያፍራሙን ስትነካ የምታሰማው ድምፅ ከተቀደደ ዲያፍራም ድምፅ ጋር ይመሳሰላል። ሌላው ጠላት የብረት ብናኝ ነው። ማግኔቱ ብናኙን ስቦ ወደ ጠባቡ ክፍተት ያስገባዋል፤ ሽቦውም እየተፋተገ ይላጣል። በመሆኑም ብረት በሚሞረድበት ጠረጴዛ ላይ ማዳመጫ ፈጽሞ መከፈት የለበትም። ከክፍተቱ አፍ የሚታየውን ብናኝ በሚያጣብቅ ፕላስተር ጫፍ ቀስ ብሎ ማንሣት ይቻላል።

ብረቱ በሚንቀሳቀስበት አሮጌ ማዳመጫ ደግሞ ክዳኑ ሲፈታ ሰሌዳው ወደ ላይ መሳብ የለበትም። ማግኔቱ ስለሚይዘው ይጣመማል፤ የተጣመመ ሰሌዳም ከማግኔቱ ጋር ይጣበቃል ወይም ድምፁ ይዳከማል። ትክክለኛው መንገድ ሰሌዳውን ወደ ጎን ማንሸራተት ነው። ዝገት ካለው በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፤ በብርጭቆ ወረቀት ከተፋቀ ግን ውፍረቱ ስለሚቀንስ ድምፁ ይለወጣል።

መተካት የግድ ሲሆን

ጥቅሉ ከውስጥ የተበጠሰ፣ የተቃጠለ ወይም ዲያፍራሙ የተቀደደ ከሆነ መተካት አይቀርም። በዚህ ጊዜ ብዙ ጠጋኞች የሚያዩት ስፋቱን ብቻ ነው፤ 40 ሚሊ ሜትር ከሆነ በ40 ሚሊ ሜትር ይተካል። ስፋት ግን ከአራቱ መመዘኛዎች አንዱ ብቻ ነው። የተቀሩት ኢምፔዳንስ፣ የድምፅ ምላሽ መጠንና የጀርባው አየር መተንፈሻ ናቸው። ኢምፔዳንስ የሚባለው ድራይቨሩ ለተለዋዋጭ ጅረት የሚያሳየው ተቃውሞ ሲሆን፣ ሽቦው በሚንቀሳቀስበት ዓይነት ከቴስተሩ ንባብ ብዙም አይርቅም።

የኢምፔዳንስ አለመስማማት ምን እንደሚያስከትል በስሌት እንመልከት። አንድ ባለ 600 ኦም አሮጌ ማዳመጫ ግራው ተቃጥሎ በባለ 32 ኦም ድራይቨር ተተካ እንበል። ሁለቱም ከአንድ ምንጭ 1 ቮልት ቢያገኙ 600 ኦሙ 1.7 ሚሊ ዋት ገደማ ሲወስድ 32 ኦሙ 31 ሚሊ ዋት ይወስዳል። ልዩነቱ 19 እጥፍ ያህል ነው፤ ሁለቱ ድራይቨሮች ለአንድ ሚሊ ዋት እኩል ድምፅ የሚሰጡ ከሆነ አንዱ ጆሮ ከሌላው በ13 ዴሲቤል ገደማ ይበልጣል ማለት ነው።

የዚህ ስሌት ትርጉም የሚገባን ወደ ሰው ጆሮ ስናመጣው ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ደረጃ መሠረት አንድ አዋቂ 80 ዴሲቤል ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ቢያዳምጥ ተቀባይነት አለው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል ከፍ ባለ ቁጥር የተፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። ከላይ የጠቀስነው ማዳመጫ ባለቤት ቀኝ ጆሮው በደንብ እንዲሰማ ድምፁን ወደ 80 ዴሲቤል ቢያደርሰው፣ ግራ ጆሮው 93 ዴሲቤል ያህል ይደርሰዋል። ለዚያ ጆሮ 40 ሰዓቱ ወደ 2 ሰዓት ይወርዳል። ከማይስማማ ጥገና የሚመጣው ጉዳት በዕቃው ብቻ ሳይወሰን ወደማይተካው አካል ይሻገራል ማለት ነው።

ስለዚህ መሠረታዊው ደንብ የሚከተለው ነው። ከአንድ ዓይነትና ከአንድ ሥሪት ካልተገኘ በቀር አንዱን ብቻ አትቀይር፤ ሁለቱንም በአንድነት ቀይር። በሕይወት ያለው አሮጌ ድራይቨር ደግሞ አይጣል፤ በወረቀት ተጠቅልሎና ንባቡ ተጽፎበት ይቀመጥ። ሌላ ተመሳሳይ ማዳመጫ በተገኘ ጊዜ ጥንዱን ያገኛል።

ባለ 2,000 ኦም የቆየ ማዳመጫ ይጠቀም የነበረ የሬዲዮ መሣሪያ ላይ የዘመኑን ባለ 8 ወይም ባለ 32 ኦም ማዳመጫ በቀጥታ መሰካትም አይመከርም። ደካማው ምንጭ ሊገፋው አይችልም። በመካከሉ ትራንስፎርመር ቢገባ ግን ይቻላል። ትራንስፎርመር ኢምፔዳንስን የሚለውጠው በዙሮቹ ንጽጽር ካሬ ነው፤ 2,000 ለ8 ሲካፈል 250 ሲሆን የዚህ ካሬ ሥር 16 ገደማ ነው። ስለዚህ የአንዱ ወገን ጥቅል ከሌላው በ16 እጥፍ የሚበዛ ዙር ያለው ትራንስፎርመር ያስፈልጋል ማለት ነው። ከተጣሉ አሮጌ ትራንዚስተር ሬዲዮዎች ከሚወጡት ትንንሽ የድምፅ መውጫ ትራንስፎርመሮች መካከል የሚቀራረብ ሊገኝ ይችላል።

በሥራው ወቅት

ሥራው ከመጀመሩ በፊት የእያንዳንዱ ሽቦ ቀለምና ቦታ በወረቀት ላይ ይሣል። ከድራይቨሩ ጀርባ የተለጠፈው ስስ ወረቀት ወይም ጨርቅ የአየሩን መተንፈሻ የሚቆጣጠር ስለ ሆነ እንደ ቆሻሻ ተነቅሎ አይጣል። እርሱ ሲጠፋ የድምፁ ሚዛን ይዛባል።

መበየጃው ወደ ድራይቨሩ ሲቀርብ የማግኔቱ ስበት ሊያስት ይችላል፤ የመበየጃው ጫፍም ሆነ ወረንጦው ብረት ስላለባቸው ወደ ማግኔቱ በድንገት ዘለው ዲያፍራሙን ይበሳሉ። ስለዚህ አስቀድሞ የዲያፍራሙ ፊት በካርቶን ይሸፈን፤ እጅም በጠረጴዛው ላይ ይደገፍ። ብየዳው ከሁለት ሰከንድ ያልበለጠ ቢሆን መልካም ነው፤ ሙቀቱ ከቆየ መገናኛውን የያዘው ፕላስቲክ ይቀልጣል።

የማዳመጫ ገመድ ከተራ የኤሌክትሪክ ገመድ የተለየ መሆኑም መታወቅ አለበት። ቀጫጭን ሽቦዎቹ በቫርኒሽ የተቀቡ ሲሆኑ በብዙዎቹ ውስጥ እንዲጠነክሩ የክር እምብርት አለ። ቫርኒሹ ካልተነሣ ብየዳው ከላይ የያዘ ይመስላል እንጂ ጅረት አያልፍም። ጫፉ በስለት ቀስ ተብሎ ይፋቅ ወይም በመበየጃው ላይ በቀለጠ ቆርቆሮ ይነከር፤ ከዚያም ቴስተሩ ይመስክር።

በጆሮ መፈተን

ቴስተሩ የሚነግረን ሽቦው የተያያዘ መሆኑን ብቻ ነው። የመጨረሻው ዳኛ ጆሮ ነው። ፈተናው በዝቅተኛ ድምፅ ይጀመርና በሦስት ረገድ ይከናወን።

የመጀመሪያው የአቅጣጫ ፈተና ነው። አንድ ሰው ብቻ የሚናገርበት የሬዲዮ ድምፅ በሁለቱም ጆሮ እኩል ይሰማ። የሁለቱ ድራይቨሮች ሽቦ በአንድ አቅጣጫ የተገናኘ ከሆነ ድምፁ ከራስ ቅል መካከል የሚመጣ ይመስላል። የአንዱ ሽቦ ከተገለበጠ ግን አንዱ ዲያፍራም ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ድምፁ የሚመጣበት ቦታ ይጠፋል፣ ወፍራሙ ድምፅም ይሳሳል። ፈውሱ የአንዱን ድራይቨር ሁለት ሽቦዎች ማለዋወጥ ነው።

ሁለተኛው የንጽሕና ፈተና ነው። ለዚህ ዋሽንት እጅግ ተስማሚ ነው፤ ድምፁ ለስላሳና ለነጠላ ቃና የቀረበ ስለ ሆነ በላዩ የሚጨመር ማንኛውም ዝዝታ ወዲያው ይለያል። በገና ግን ለዚህ ፈተና አይሆንም። በበገና አውታሮችና በመቆሚያቸው መካከል የሚገቡት ቁርጥራጭ ቆዳዎች ራሳቸው ያንን የታወቀ የመንዘር ድምፅ ስለሚፈጥሩ፣ ያልለመደ ጠጋኝ ደህናውን ድራይቨር ተቀደደ ብሎ ሊጥለው ይችላል። የማሲንቆ ድምፅ ደግሞ በብዙ ድርብርብ ድግግሞሾች የበለጸገ ስለ ሆነ የግራና የቀኙን ቃና ለማነጻጸር ይጠቅማል። ስማቸውን ከወሎ ቦታዎች የወሰዱትን የአምባሰልና የባቲ ቅኝቶች በማሲንቆ እያዳመጡ ማዳመጫውን ከግራ ወደ ቀኝ ማቀያየር ደስ የሚያሰኝ ፈተና ነው።

ሦስተኛውና ለካሴት ገልባጩ ዋነኛው የፊደል ፈተና ነው። የአናባቢዎቻችን ጉልበት በአብዛኛው ከ3,000 ሄርዝ በታች ሲሆን፣ የ«ሰ» ፉጨት ግን በብዛት ከ4,000 ሄርዝ በላይ ይገኛል። የ«ሸ» ከእርሱ ዝቅ ይላል፤ የ«ፈ» ደግሞ ደካማና የተበታተነ ነው። ከፍተኛውን ድግግሞሽ የማያሰማ ማዳመጫ «ሰ»ን ከ«ፈ» ያምታታል። «ሰሰ» ያለውን «ፈሰሰ» ብሎ የሚጽፍ ገልባጭ ጥፋቱ የጆሮው ላይሆን ይችላል። ብረቱ የሚንቀሳቀስበት የጥንት ማዳመጫ በጥሩ ሁኔታ ቢጠገንም እንኳ ለሬዲዮና ለሞርስ እንጂ ለዚህ ሥራ የማይመረጠው ስለዚህ ነው። «ሰፈር፣ ሸፈነ፣ ፈሰሰ፣ ጸጸት» የሚሉትን የመሰሉ ቃላት በስልክ ቀርጾ በተጠገነው ማዳመጫ መስማት ቀላልና አስተማማኝ ፈተና ነው።

ለደጋ ነዋሪ አንድ ነገር እንጨምር። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ጆሮን አጥብቆ በሚሸፍን ማዳመጫ ውስጥ በታሰረው ጥቂት አየር የሚፈጠረው የድምፅ ግፊት ከአካባቢው አየር ግፊት ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ፣ ዲያፍራሙ እኩል ቢንቀሳቀስ እንኳ ድምፁ እስከ 2.5 ዴሲቤል ያህል ሊቀንስ ይችላል። ይህ ትንሽ ልዩነት ሲሆን በሁለቱም ጆሮ እኩል ይከሠታል። ስለዚህ አንዱ ጆሮ ብቻ ሲደክም ከፍታውን ምክንያት ማድረግ አይቻልም።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው የቆየ ማዳመጫ ጥገና በመለዋወጫ ብዛት ሳይሆን በምርመራ ቅደም ተከተል ላይ የተመሠረተ ነው። በቅድሚያ ትራሱ፣ ቀጥሎ ጃኩና ገመዱ፣ ከዚያ የድራይቨሩ መዳረሻ፣ በመጨረሻም ጥቅሉና ዲያፍራሙ ይመርመሩ። መተካት ካስፈለገ በጥንድ ይተካ፤ ስፋቱ ብቻ ሳይሆን ኢምፔዳንሱም ይስማማ። ከጥገናው በኋላ ሁለቱ ጆሮዎች እኩል መስማታቸው ሳይረጋገጥ ድምፁ ከፍ አይበል።

በትምህርት ክፍሎች ላቦራቶሪ የኦም ሕግ፣ የማግኔት መስክና የሞገድ ትምህርት ብዙውን ጊዜ ለዚሁ ተብሎ በተገዛ መሣሪያ ይሰጣል። አንድ የተጣለ ማዳመጫና አንድ ቴስተር ግን እነዚህን ሦስቱንም በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያስተምራሉ። ተማሪው ስሌቱን ሲጨርስ ነጥብ ብቻ አያገኝም፤ ዝም ብሎ የኖረ ካሴት ይናገራል፤ እርሱም የሰማውን በትክክል ይጽፋል።